ቀይ ካርድ፦ ዜሮ

አሁን እግርህ ላይ ያለውን ጫማ፣ ቆዳውን ማን እንዳለፋው ጠይቀህ ታውቃለህ? አልጠየቅህም። ቁጥሩን ጠይቀሃል፣ ቀለሙን ጠይቀሃል፣ ውሃ ያስገባ እንደሆነ ጠይቀሃል። ቆዳው ጫማ ከመሆኑ በፊት በኖራና በሰልፋይድ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ የሚረግፍበት፣ ከዚያም በአሲድ የሚታጠብበት ቤት አለ። የዚያ ቤት እጣቢ ከወለሉ ሥር ባለ ቦይ ይፈሳል። ቦዩ ሲደፈን ደግሞ ገብቶ የሚከፍተው ሰው ያስፈልጋል።

የዚያ ሰው አስከሬን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በግቢው ውስጥ፣ ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተኝቶ ነበር።

ሠራተኛው «አባ ቦይ» ነበር የሚላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። የፖሊስ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ላስቲኩን ገለጠች። እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቦት ተጫምተዋል። ፊታቸው ላይ ጭንብል የለም። አንገታቸው ላይ በሲባጎ የታሰረች አንዲት ትንሽ የጓጉንቸር መክፈቻ አለች። መርማሪዋ መክፈቻዋን አየች፣ ላስቲኩን መለሰች፣ ቀና አለች።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች አጭር ሴት ናት። ስታዳምጥ ዓይኗን ትከድናለች። ብዙ ሰው ያንቀላፋች እየመሰለው ብዙ ተናግሯል።

«ሪፖርቱ ተዘጋጅቷል» አላት የፋብሪካው የሥራ ደህንነት ኃላፊ። ወጣት ነው፤ ነጭ ሄልሜቱ ላይ አንድም ጭረት የለበትም።

«መቼ ሞቱ?»

«አራት ሰዓት ከአሥር ላይ።»

«ሪፖርቱስ መቼ ተጻፈ?»

«አምስት ሰዓት ላይ።»

«አስከሬኑን ለማውጣት ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ?»

«አርባ።»

«ወረቀቱ ሊቀድማቸው ምንም አልቀረውም።»

ተቀብላ አነበበችው። ፋብሪካው ውስጥ ማንም ወደ ቦይ ከመውረዱ በፊት የአሲድ ድራሙን ማራገፊያ ቫልቭ በግል ጓጉንቸሩ ይቆልፋል፣ ጓጉንቸሩ ላይም ቀይ ካርድ ያንጠለጥላል። ሟች ይህን ሳያደርጉ በራሳቸው ቸልተኝነት ገብተዋል። ጓጉንቸራቸው ከነካርዱ ከኮታቸው ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። የድራም ኦፕሬተሯም ቦዩን ሳታረጋግጥ ቫልቩን ስለከፈተች በሕግ ትጠየቅ። በሁለት አንቀጽ አለቀ። አንዱ ሙት ላይ፣ ሌላው ሕያው ላይ።

«ኦፕሬተሯ የት ናት?»

«ውስጥ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጣቢያ ትወሰዳለች ተብሏል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጃቸው ናት።»

«የማን?»

«የሟች።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከደነች።

ወለሉ ላይ አምስት የእንጨት ድራሞች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ያህላሉ። አደጋው እንደተሰማ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መብራት ስለተቆረጠ ሁሉም እንደቆሙ ናቸው። ጸጥታው ለሠራተኞቹ እንግዳ ነበር። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው እየጮሁ መናገር ይጀምሩና የራሳቸው ድምፅ ያስደነግጣቸዋል።

ልጅቷ ሦስተኛው ድራም ሥር፣ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፤ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። መርማሪዋ ሌላ በርሜል ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቫልቩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባትሽ ቦይ ውስጥ መሆናቸውን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም። መመዘኛ ክፍል ለሚቀጥለው ዙር ጨው እየመዘንኩ ነበር። ስመለስ ድራሙ ሰዓቱን ጨርሷል። ቫልቩን አየሁት።»

«ምን አየሽ?»

«ምንም። ቀይ የለም።»

«ሰው አልጠየቅሽም?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «እዚህ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ድራሞቹ ሲዞሩ ጆሮ አይሰማም። የምንጠይቀው ካርዱን ነው። ቀይ ካለ ከታች ሰው አለ፤ ቀይ ከሌለ ሰው የለም። አባዬ ነው ያስተማረኝ።»

«ደንቡ ግን የቦዩን መክደኛ አንስተሽ እዪ ይላል።»

«መክደኛውን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አምና ሁለት ነበርን። ዘንድሮ አንድ ነኝ።» ሰዓት የምታነብ ይመስል ቀጠለች። «አባዬ የገባው በዚያ በኩል አይደለም፤ ከግድግዳው ጀርባ፣ በግቢው አፍ ነው። ሰዎች ወደ ግቢው ሲሮጡ አይቼ ተከተልኩ። ፎርማኑ አባዬን ሊያወጣ እየገባ ነበር፤ ግማሽ አካሉ ገብቷል። ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩት።»

«ለምን?»

«ያለ መተንፈሻ የገባ ሁለተኛ ሬሳ ነው ተብለን ሠልጥነናል። እሱ ይሰድበኛል፣ እኔ ቀበቶውን ይዣለሁ። ከሥር የአባዬ ቦት ይታየኝ ነበር። ይንቀሳቀስ ነበር። በኋላ ተወ።»

«መተንፈሻው የት ነበር?»

«ላይ፣ አዳራሽ። ዛሬ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ነጭ ጨርቅ አንጥፈውለታል።»

እዚህ ላይ ማንም አልጮኸም። ልጅቷ አላለቀሰችም። የመተንፈሻ መሣሪያው ለሚተነፍስ ሰው እንዲታይ ተብሎ ለማይተነፍሰው ሳይደርስ ቀረ፤ ይህን የሰማ ሰው ጠረጴዛ መገልበጥ ነበረበት። በዚያ ወለል ላይ ግን ጠረጴዛ የሚገለብጥ ጉልበት ለማንም አልቀረም።

«ጣቢያ መሄዱ ግድ የለኝም» አለች ልጅቷ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ቀይ የለም ብዬ ነው የማስታውሰው። ግን አየሁ እያልኩ ሳላይ ቀርቼ ይሆን? ጓጉንቸሩ ኖሮ፣ ያው ነው ብዬ በልማድ ከፍቼው ይሆን? ሌላው ሁሉ ይቅር። እሱን ይንገሩኝ።»

«ጓጉንቸሩ ከኮት ኪስ ነው የተገኘው እኮ።»

«አባዬ ሳይሰቅል አይገባም» አለች ልጅቷ። «ስለዚህ ከሁለት አንዳችን ተሳስተናል። እሱ አይሳሳትም።»

መርማሪዋ ተነስታ ቫልቩን በቅርብ አየችው። ከእጀታው ሥር በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይወርዳል። ጠብታው የሚያርፍበት ሲሚንቶ ተበልቶ ጎድጉዷል።

ልብስ መቀየሪያው ሁለት ክፍል ነው። ከወለሉ በኩል ሲገባ የሥራ ልብስ የሚሰቀልበት ቆሻሻው ጎን አለ፤ ቀጥሎ ሻወር፤ ከሻወሩ ማዶ ከቤት የተለበሰ ልብስ የሚሰቀልበት ንጹሑ ጎን፣ የራሱ የመንገድ በር ያለው። መሬቱ ላይ የተሰመረ መስመር የለም፣ ግድግዳው ላይም ማስታወቂያ የለም። ግን የቦት ጭቃ ሻወሩ በር ላይ ደርሶ በቢላ እንደተቆረጠ ያልቃል።

የአባ ቦይ ኮት ንጹሑ ጎን፣ አሥራ ሰባተኛው ማንጠልጠያ ላይ ነበር። ቡኒ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። መርማሪዋ ኪሱን ገለበጠች። ገበሩ እርጥብ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ምስር የሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ጠርዛቸውን በጣቷ ስትነካው እንደ አመድ ተበተነ። ጓጉንቸሩን ለፖሊስ ከተሰጠበት ከረጢት አወጣችው። ተቆልፏል። በሽቦ የታሰረው ካርድ ጽሑፍ የለበትም። ወደ መስኮቱ አዘንብላ ስታየው ግን ካርዱ በተለበጠበት ላስቲክ ላይ እርሳስ የተጫነበት ዱካ አገኘች፦ 3፡20። ከዚያ ካርዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ምንም ነገር የማይሸተውን ሽታ ሸተተ። ሎሚ።

ፎርማኑ በፋብሪካው ክሊኒክ አልጋ ላይ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል፤ አልተኛም። ቀበቶው የተያዘበት ወገቡ ላይ ቆዳው ተልጧል።

«ከሟች ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ» አለ ፎርማኑ። «ያችን ካርድ በሰቀለ ቁጥር ድራም ይቆምብኛላ። ‹ዳኛው፣ ዛሬም ቀይ ካርድ? ምን አጠፋሁ?› ስለው ‹ሁለተኛ ቢጫህ ነው፣ ውጣ› ይለኛል።» ሳቅ ጀመረው፤ ሳሉ ቆረጠው።

«ዛሬ ግባ ያልካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ቦዩ ሞልቶ ወለሉ ላይ ሊወጣ ነበር። ‹ተቆጣጣሪው ሲመጣ ወለሉ ደረቅ ይሁን› ተባልኩ፤ ነገርኩት። ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ። ከዚያ ግቢ ወጥቼ ጥሬ ቆዳ ሳራግፍ ነበርኩ፤ ስምንት ሰው አብሮኝ ነበር፣ ይጠይቁ።»

«የአሲዱ ውሃና የኖራው ውሃ በአንድ ቦይ ነው እንዴ የሚሄዱት?»

«አልነበሩም። የአሲዱ ቦይ ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ። ‹በጥገና ላይ› ነው የሚባለው።» ግድግዳውን አየ። «ለየብቻ ሲሄዱ ይገማሉ እንጂ አይገድሉም። ሲገናኙ ጋዝ ነው። መጀመሪያ የገማ እንቁላል ይሸትሃል፤ ሲበዛ አፍንጫህን ያደነዝዘውና ሽታው ይጠፋል። ተነሳልኝ፣ ተገላገልኩ ስትል ያኔ ነው የያዘህ።»

«ጓጉንቸሩን ሲሰቅሉ አላየህም?»

«አላየሁም። ግን ሰቅሏል። ሽንት ቤት ሲገባም ይሰቅላል እያልን ነው የምንስቅበት።»

«ከኮታቸው ኪስ ነው የተገኘው።»

«ከየትኛው ኮት?»

«ከቤት ለብሰውት ከመጡት።»

ፎርማኑ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫው ነቀለ። «ንጹሑ ጎን? እሱ? ጓጉንቸር ይዞ?»

«ምነው?»

«ምንም» አለ። «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ጓንት እንኳ ይዤ ያን ሻወር አላለፍኩም።»

«አንድ ነገር። ካርዱ ላይ የምትጽፉበትን የሰም እርሳስ በምን ነው የምታጠፉት?»

«በነጭ ጋዝ። ጨርቅ ነክረን።»

«በውሃ አይለቅም?»

«ውሃ ቢያስለቅቀው ኖሮ በእሱ ምልክት ያደረግንበት ቆዳ ድራም ውስጥ ሲታጠብ ምን ይቀረው ነበር?»

የደህንነት ኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ ባለ መስታወት ሣጥን አለ። ውስጡ አርባ ሁለት ትርፍ መክፈቻዎች በየቁጥራቸው ተሰቅለዋል።

«ዛሬ ተከፍቷል?» አለች መርማሪዋ።

«አልተከፈተም። ሲከፈት መዝገብ ላይ ይፈረማል። የመጨረሻው ፊርማ ከስምንት ወር በፊት ነው።»

መርማሪዋ መዝገቡን አላየችም። መክፈቻዎቹን ነበር የምታየው። አርባ አንዱ አቧራ ለብሰዋል። አሥራ ሰባተኛው ያበራል።

«ይቅርታ፣ ቢሮክራሲ አይገባኝም። ቀይ ካርድ በቁጥጥር ቅጹ ላይ እንዴት ነው የሚመዘገበው?»

ኃላፊው ደስ አለው፤ የሚያውቀውን ተጠየቀ። «‹ያልተዘጉ ቀይ ካርዶች ብዛት› የሚል ተራ አለ። ዜሮ ከሆነ ሙሉ ነጥብ ነው።»

«አንድ ቢሆንስ?»

«ነጥብ ይቀነሳል። ያልተጠናቀቀ አደገኛ ሥራ መኖሩን ያሳያል።»

«እኔ እኮ ካርዱ ሰው የሚያድን መስሎኝ ነበር።»

«ያድናል።»

«ቅጹ ላይ ግን ጥፋት ነው።»

እስኪ ይህን ደግመህ አንብበው። ሰው ከሥር እንዳለ የሚናገረው ብቸኛ ምልክት በቁጥጥር ቀን እንደ እድፍ ይቆጠራል። ይህን ቅጽ ያረቀቀ ሰው አለ። ማኅተም ያሳረፈበት ሰው አለ። ሁለቱም ቦይ ገብተው አያውቁም።

ተቆጣጣሪው እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ቅጹን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጠብቃት ነበር። ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጨዋ ሰው ነው፤ ስትገባ ከመቀመጫው ተነሳ። ከተጨባበጡ በኋላ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ እጁን አሸ።

«መቼ ደረሱ?»

«አራት ሰዓት ከአርባ ላይ። የበሩ መዝገብ ላይ አለ። አሳዛኝ ነገር ነው ያጋጠመኝ።»

«ወለሉ ላይ ወጥተው ነበር?»

«ለአምስት ደቂቃ ያህል። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ቆሟል፣ ሰው ያለቅሳል።»

«ቅጹን ግን ሞልተውታል።»

«ግዴታዬ ነው። አደጋ ቢኖርም ባይኖርም ቁጥጥር ቁጥጥር ነው።» ጠርሙሷን እንደገና አወጣ።

መርማሪዋ ቅጹን አነበበች። የወለል ሁኔታ፦ ደረቅ። የአሲድ ቦይ፦ በጥገና ላይ። በድራሞች አካባቢ የድምፅ መጠን፦ 91 ዴሲቤል። መተንፈሻ መሣሪያ፦ የተሟላ። ያልተዘጉ ቀይ ካርዶች፦ ዜሮ።

«ጥሩ እጅ ጽሑፍ አለዎት» አለችው። «አሥር ሰዓት ላይ አዳራሽ እንገናኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው እንደነበረ ነው፤ ነጩ ጨርቅ፣ አራቱ መተንፈሻ መሣሪያዎች፣ ከፊታቸው በካርቶን የተጻፈ ስማቸው። ልጅቷ በር አጠገብ ተቀመጠች፤ አንድ ፖሊስ ከጎኗ ቆሟል። ፎርማኑ እየሳለ መጣ። የደህንነት ኃላፊው ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። የቀረው ሠራተኛ ሳይጠራ መጥቶ መተላለፊያው ላይ ቆመ፤ መርማሪዋም በሩ ክፍት እንዲሆን አደረገች።

«ረጅም አላደርገውም» አለች። «የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አባ ቦይ ዛሬ ጓጉንቸራቸውን ሰቅለዋል ወይ? ሰቅለዋል። የሦስተኛው ድራም ቫልቭ አሲድ ያንጠባጥባል። ጓጉንቸሩ በተገኘበት ኪስ ውስጥ ገበሩ እርጥብ ነው፣ ተበልቶም ሦስት ቦታ ተበስቷል። ከኪስ ያልወጣ ጓጉንቸር አሲድ አይነካውም። ካርዱ ላይም የጻፉት ሰዓት ዱካው አለ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሰቅለዋል፣ ሰዓቱን ጽፈዋል፣ ወርደዋል።»

መተላለፊያው ላይ የሆነ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሁለተኛ። ማን ከፈተው? የእሳቸው መክፈቻ አንገታቸው ላይ ነበረች፤ አብራቸው ቦይ ውስጥ ገብታ አብራቸው ወጣች። ያለችው ሌላ መክፈቻ የደህንነት ቢሮው ሣጥን ውስጥ ናት። አርባ አንዱ የስምንት ወር አቧራ አለባቸው። የአባ ቦይ ትርፍ መክፈቻ ዛሬ ሰው እጅ ነክቷታል።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ኃላፊው።

«ቆይ፣ ገና ነኝ። ሦስተኛ። ጓጉንቸሩን ኮቱ ውስጥ ማን ከተተው? ፎርማኑ ነው እንበል፤ ሲጣሉ ሁሉም ሰምቷል። ልጅቷ ናት እንበል፤ ጥፋቷን ልትደብቅ። ሁለቱም ግን በሻወሩ ማለፍ ነበረባቸው። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ከወለሉ የመጣ ነገር ይዞ ንጹሑ ጎን አይገባም። የሚከለክለው ደንብ አይደለም። ልብሱን ይበላበታል፣ ሽታውን ቤቱ ይወስድበታል፣ ልጁን ያሳክክበታል። ፎርማን፣ አንተ ብትሆን የት ታስቀምጠው ነበር?»

«ቆሻሻው ጎን፣ ቱታው ኪስ» አለ ፎርማኑ ሳያስብ። «ዓይኔን ጨፍኜ።»

«አዎ። ኮቱ ውስጥ የከተተው ልብስ መቀየሪያውን ተጠቅሞበት የማያውቅ፣ በመንገዱ በር ገብቶ የሟች ነው የተባለውን መጀመሪያ ያገኘውን ልብስ የመረጠ ሰው ነው። የራሱ ልብስ የማይሸት ሰው።»

አሁን ሁሉም ወደ ነጩ ሄልሜት ተመለከተ።

«አራተኛ» አለች መርማሪዋ። «ካርዱ ላይ ያለውን ሰዓት ማን አጠፋው? ሠራተኛው በነጭ ጋዝ ነው የሚያጠፋው። ይህ ካርድ ነጭ ጋዝ አይሸትም። ሎሚ ይሸታል። ጌታዬ፣ ያችን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ።»

ተቆጣጣሪው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ አላወጣውም። «ሳኒታይዘር የያዘ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» አለ ፈገግ ብሎ። «እኔ ስደርስ ሰውየው ከሞቱ ግማሽ ሰዓት አልፏል።»

«አራት ሰዓት ከአርባ ላይ።»

«አዎ።»

«ድራሞቹ ቆመው ነበር።»

«ነገርኩዎት እኮ። ሁሉም ቆሟል።»

መርማሪዋ ቅጹን አነሳች። «በድራሞች አካባቢ የድምፅ መጠን፣ ዘጠና አንድ ዴሲቤል። መብራት የተቆረጠው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የቆመ ድራም ዘጠና አንድ አይጮህም። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለዎት። ወይ ድራሞቹ ሲዞሩ እዚህ ነበሩ፤ ወይ ቁጥሩን ከራስዎ ፈጥረው ጻፉት። የትኛውን ሰው መሆን እንደሚፈልጉ ይምረጡ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

የደህንነት ኃላፊው ነው የተናገረው። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው የመጡት። ወለሉን ዞርን። ድምፁን ለኩ። ካርዱን ሲያዩ ‹ይህ ተሰቅሎ ዜሮ መጻፍ አልችልም› አሉኝ። የቦዩን መክደኛ ጠጋ ብለን አሸተትን። ምንም አይሸትም ነበር። ሥራው አልቋል፣ ረስተውት ወጥተዋል ብዬ... በትርፉ መክፈቻ ከፈትኩት።»

«ማንን ጠየቅህ?»

«ማንንም። ድራሙ ይጮህ ነበር።»

«አንተ የደህንነት ኃላፊ ነህ» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ቤት ሽታ ሲጠፋ ደህና ነው የሚል ሰው አለ?»

ፎርማኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከሞቱ በኋላስ?»

«ጓጉንቸሩ እጄ ላይ ነበር። ተቀበሉኝ። ‹የትኛው ነው ልብሱ? ዝርዝሩን አሳየኝ› አሉ። አሥራ ሰባት አልኳቸው። ዘበኛውን አራት ሰዓት ከአርባ ብለህ ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን... ሪፖርቱንም እኔ ነኝ። ልጅቷን ጨምርበት ያሉት ግን እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱን ስህተት አይሠራም፣ አያሳምንም አሉ።»

መርማሪዋ በሩ አጠገብ ወዳለችው ልጅ ዞረች። እስከዚያ ድረስ ለሁሉም ስትናገር ነበር፤ አሁን ለአንዷ ብቻ ተናገረች።

«ልጄ፣ አይተሻል። ቀይ አልነበረም። አባትሽም አልተሳሳቱም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ጓንቷን አንድ በአንድ ጣቱን እየሳበች አወለቀች፣ አጣጥፋም ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ፖሊሱ ከእሷ ጎን ተለይቶ ወደ ተቆጣጣሪው ሄደ። ተቆጣጣሪው ያኔ ነው ድምፁን ከፍ ያደረገው። «እኔ ብቻዬን ነው እንዴ? መመሪያው ከመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ነው የመጣው! ከዜሮ በላይ የጻፈ ተቆጣጣሪ ‹ምን ስትሠራ ነበር?› ይባላል። ከሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ ሂዱ፣ እንዲዘጋጁ አድርጉ የሚሉን እነሱ ናቸው። ባለፈው ወር ያየኋቸው አሥራ አራቱም ፋብሪካዎች ዜሮ ናቸው። አሥራ አራቱም! ማንም አልሞተም!»

«ኃላፊዎን በደብዳቤ እጠይቃቸዋለሁ» አለች መርማሪዋ። «በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልሱ።»

«አይሆንም።»

ልጅቷ ነበረች። ቆማለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ድራሞቹ ስለቆሙ ግን መተላለፊያው ጫፍ ድረስ ተሰማ።

«እኔን በሰው ሁሉ ፊት ነው የጠየቃችሁኝ። አባቴን ግቢ መሐል አስተኝታችሁ፣ አንቺ ነሽ ወይ የከፈትሽው ብላችሁ። በሠላሳ ቀን በጽሑፍ መልሺ ያለኝ የለም። እዚያው መለስኩ። አሥራ አራት ፋብሪካ አሉ። ካርዱን ማን አወረደው? ሲያወርደው ከሥር ማን ነበር? አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ቫልቭ አይቶ ቀይ የለም ብሎ እጁን የሚዘረጋው የማን ልጅ ነው? ኃላፊው ይምጡ። ቢሯቸው አይደለም፤ እዚህ፣ በሩ ላይ፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣ የሚገባውም የሚወጣውም ሠራተኛ ቆሞ እየሰማ። የአሥራ አራቱን ፋብሪካዎች ስም አንድ በአንድ ያንብቡና በእያንዳንዱ ዜሮ ሥር ስንት ሰው እንዳለ ይመልሱልን።»